የነፍስ አባትህ ማን ናቸው?

ልጁን ክርስትና ለማስነሣት የመጣ አባት፣ በተክሊል ለማግባት ያሰበ ጎረምሳ፣ የቀብር ሰዓት ለመቁረጥ እየሮጠ የደረሰ ሐዘንተኛ፣ ሁሉም በእኛ ደብር መጀመሪያ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «የነፍስ አባትህ ማን ናቸው?»

እዚሁ ለኖረ ሰው መልሱ ምላሱ ላይ ነው። «መምሬ እገሌ ናቸው» ይላል፤ መምሬም ወይ ቅጥር ውስጥ ናቸው ወይ ማሳቸው ላይ፤ ልጅ ተልኮ ይጠራሉ። የሚጨነቀው ከአምበር ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የከረመው፣ አለዚያም ከገጠር ቀበሌ ገብቶ አስፓልት ዳር ሱቅ የከፈተው ነው። የድሮው የነፍስ አባቱ አርፈዋል፤ ሌላ አልያዘም። ለድግሱ ሰንጋ ገዝቷል፣ ጌሾ አስወቅጧል፣ ቪዲዮ ቀራጭ ተዋውሏል፤ ይህችን ጥያቄ ግን ማንም አላስታወሰውም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ አሁን የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ሰዉ ከልማድ «መምህር» ይለኛል። ከዕቃ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና አንድ ማኅተም አለኝ። የሚያጠምቀውም የሚፈታውም ካህን ነው፤ የእኔ ሥራ ቀን መቁጠር፣ መጻፍና ማስፈረም ነው። አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ጋ ከሚቆመው ሰው ግማሹ ጋቢውን ደርቦ ከገጠር የመጣ፣ ግማሹ ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ሁለቱን ሳስተናግድ ያየሁት ለሌላ ደብር ምእመንም ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመራርጠው ደብሩን የሚያስተዳድሩበት አካል ነው። የሚመራበት ደንብ ቃለ ዓዋዲ ይባላል። ደንቡ የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ ደብረ ኤልያስ፣ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በተወለዱት በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ዛሬ የደብሩ መዝገብ በምእመን እጅ የሚጻፈውም፣ ገንዘቡ በጉባኤ የሚቆጠረውም ከዚያ ወዲህ በመጣው አሠራር ነው።

አርባና ሰማንያ

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት መግባታቸውን ይናገራል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም የወላዲቱን የመንጻት ቀን በዚሁ ልክ ይቆጥራል። በአቆጣጠሩ ግን ባልና ሚስት ጠረጴዛዬ ፊት ሲሟገቱ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኛ ዘንድ የተወለደበት ቀን አንድ ተብሎ ይጀመራል። መስከረም 1 የተወለደ ወንድ ጥቅምት 10 ይጠመቃል፤ በዚያው ዕለት የተወለደች ሴት ደግሞ ኅዳር 20። ቀኑ ሰሙነ ሕማማት ላይ ከወደቀ በዚያ ሳምንት ክርስትና ስለማይነሣ ከትንሣኤ በኋላ ይደረጋል። ሕፃኑ ታሞ ለሕይወቱ ከተሰጋ ግን 40ም 80ም አይጠበቅም። በውድቅት ሌሊትም ቢሆን ቄስ ይጠራል። ይህን ሳያውቁ «ቀኑ አልደረሰም» ብለው የሚቀመጡ ወላጆች አሉና ጎረቤት ለጎረቤት ቢነጋገርበት ጥሩ ነው።

ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ያስፈልጋል። የከተማው ሰው ለዚህ ሀብታም ዘመድ ይመርጣል፤ ስጦታውን እያሰበ። ክርስትና አንሺው ግን የስጦታ ሰው አይደለም፤ በቅዳሴው ሌሊት የሚሠራው ሥራ አለው። ኅዳር ላይ የእኛ አገር የንጋት ብርድ አጥንት ይሰብራል። እናት ልጇን ጋቢ ውስጥ ወሽቃ ደጀ ሰላሙ ላይ ትቆማለች፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶላት እስኪያስገባት ድረስ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ክርስትና አንሺው ሕፃኑን ታቅፎ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞርና በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ይዞርና ሃይማኖቱን ይመሰክራል። የሚመልሰው የጠፋበት ሰው ከዲያቆኑ አፍ ቃል በቃል እየተቀበለ ሲንተባተብ አይቻለሁ። ከዚያ ካህኑ ሕፃኑን በተባረከው ውኃ ሦስት ጊዜ በሥላሴ ስም ያጠምቀዋል፤ ጩኸቱ ቅጥሩን ያደምቀዋል። ቀጥሎ ከግንባሩ ጀምሮ 36 ቦታ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ቅዳሴ ገብቶ ይቆርባል። እስኪቆርብ ጡት ስለማይሰጠው ቅዳሴው በረዘመ ቁጥር የምትጨነቀው አያቲቱ ናት። አንዷ ከሴቶች መቆሚያ ሆና «አረ መምሬ፣ ልጄ በራብ አለቀ!» ስትል ቀዳሹ ሁሉ ሰምቷታል።

የክርስትና ስም የሚሰጠውም ያኔ ነው። ልጁ የተወለደበት ወይም የተጠመቀበት ዕለት በ12 ከሆነ ወልደ ሚካኤል፣ ሴት ከሆነች ወለተ ሚካኤል ትባላለች፤ በ23 ከሆነ የጊዮርጊስ፣ በ27 ከሆነ የመድኃኔ ዓለም ይሆናል። ይህ ስም በመታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ ትምህርት ቤትም አይጠራም። ሰውየው ሲቆርብ፣ ጸሎት ሲደረግለትና ሲሞት ግን የሚጠራው በዚሁ ነው። ወላጅ በዚያው ሰሞን ጽፎ ካላስቀመጠው ከ60 ዓመት በኋላ ምን እንደሚያስከትል ከታች እመለስበታለሁ።

የሰርግ ወር እና አበልጅነት

ሰርግ በጾም አይደረግም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ገበሬውም እስከዚያው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ሰርጉ ሁሉ ከጥምቀት በኋላ ይጎርፋል። ሰው የሚዘነጋው ግን አንድ ነገር አለ። ጥር 11 ቀኑን አይለቅም፤ ዐቢይ ጾም ግን እንደ ዓመቱ ይወጣል ይወርዳል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ጾሙ ቀደመ ሲባል የካቲት 1፣ ዘገየ ሲባል መጋቢት 5 ይገባል። በቀደመ ዓመት ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ ዋዜማ ያለው 19 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በዘገየ ዓመት 53 ቀን ይደርሳል፤ ከሁለቱም ላይ የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ይቀነሳል። ጾሙ በቀደመበት ዓመት ድንኳንም፣ ምግብ ሠሪም፣ ቀዳሽም በአንድ ሳምንት ይሻማል። የበዓላቱና የአጽዋማቱ ቀን መስከረም 1 በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚነገር፣ ሰርግ ያሰቡ ቤተሰቦች ያን ዕለት ጆሮ ቢሰጡ ይበጃቸዋል። ጥር ያመለጠው ደግሞ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት አሉለት።

ከቀኑ የሚቀድመው ዝምድና መቁጠር ነው። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ገበሬው አሳምሮ ያውቀዋል። የሚዘነጋው አበልጅነት ነው። ክርስትና ያነሣ ሰውና የልጁ ወላጆች አበልጅ ይሆናሉ፤ ልጁም ለክርስትና አባቱ ወይም ለክርስትና እናቱ እንደ አብራክ ልጅ ስለሚቆጠር ከእነሱ ልጆች ጋር አይጋባም። በእኛ ደብር ሽማግሌ ተልኮ፣ «እሺ» ተብሎ፣ ጥሎሹ ተቆርጦ፣ የዳሱ እንጨት ከባሕር ዛፍ ተቆርጦ ደጅ ከተከመረ በኋላ አንዲት አሮጊት ለቡና እንደተቀመጡ «ይቺን ልጅ ክርስትና ያነሣቻት የእሱ እናት አይደለችም እንዴ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። የልጁ እናት አራት ወይ አምስት የሚሆኑ የጎረቤት ልጆችን አንሥታ ስለነበር የትኞቹን እንደሆነ ተምታታባት። ማልደው መጡ፤ መዝገቡን አወጣን። የክርስትና እናት በሚለው ዓምድ ላይ ስሟ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሰርጉ ቀረ። የዳሱ እንጨት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ለማደስ ተሰጠ። ሁለቱ ልጆች ምን ያህል እንዳዘኑ ላየ ሰው፣ ክርስትና አንሺ ሲመረጥ ከስጦታው በፊት ምን መታሰብ እንዳለበት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

ጋብቻው ራሱ በሦስት መልክ ይመጣልናል። ተክሊል ለደናግል ነው፤ ሙሽሮቹ ንስሐ ገብተው፣ ጸሎቱ ተደርሶላቸው፣ አክሊል ደፍተው፣ አስቀድሰው ይቆርባሉ። ቅስና የሚያስብ ዲያቆን በዚህ መንገድ ማለፍ ግዴታው ነው፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ቀድሞ አግብቶ የፈታ ወይም የሞተበት የመዓስባን ጸሎት ተደርሶለት በቁርባን ይጋባል። ብዙው የገጠር ሰው ግን የሚጋባው በሰማንያ ነው፤ ሽማግሎች ፊት ንብረቱን ተነጋግሮ፣ ተፈራርሞ። ከእነዚህ መካከል ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ ስመው፣ በእርጅናቸው «አሁንስ እንቁረብ» ብለው የሚመጡ ባልና ሚስት አሉ። በቁርባን የተጋባ መፋታት ስለሌለበት አንድ አዛውንት «እስካሁን ስፈትናት ነበር» ብለው የነፍስ አባታቸውን አስቀዋቸዋል፤ ሚስቲቱ «ፈታኙ ማን ሆነና!» ብለው መለሱላቸው።

ለተክሊልም ለቁርባንም የምንጠይቀው ተመሳሳይ ነው፤ የነፍስ አባት ምስክርነት፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ከቀበሌ ያላገቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እና ዕድሜ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ለሁለቱም 18 ዓመት መሙላትን ይደነግጋል። እናቶቻችን በልጅነታቸው በተዳሩበት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። አሁንም «ደርሳለች፣ ቁመቷን እዩ» የሚለኝ አባት አይጠፋም፤ እኔ የማየው ቁመት ሳይሆን መዝገቡ ላይ ያለውን የልደት ቀን ነው።

በጡሩምባ የሚጀምረው

ክርስትናና ሰርግ ቀን ይቆረጥላቸዋል፤ ሞት ግን ቀጠሮ የለውም። ጡሩምባ ይነፋል፤ ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብሩ፣ ሴቱ ንፍሮ ለመቀቀል ወደ ሐዘኑ ቤት ይሄዳል። ቀብር በአብዛኛው በዕለቱ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሬሳ ከሆነ ግን ዓባይ በረሃን አቋርጦ እስኪደርስ ሕዝቡም ካህናቱም ቆመው ይጠብቃሉ፤ መንገዱ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ቤተሰቡ እዚያው ለመቅበር ይገደዳል። ሬሳው ተገንዞ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ ከቤት ሲወጣ ካህናቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሰባት ጊዜ እያሳረፉ ይጸልዩለታል።

እዚህ ላይ ነው ያ የተረሳ ስም የሚመጣው። አንድ የአገራችን ሰው አርፈው ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ደረሱ። መሪጌታው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ትልቁ ልጅ ዞር ብሎ እኅቱን አየ፤ እኅቱ አክስታቸውን አየች፤ አክስቲቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የነፍስ አባታቸው ከሟች ቀድመው አርፈዋል፤ ሌላ አልተያዘም። ሕዝቡ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ ሳለ ከሴቶቹ መካከል አንዲት መነኩሲት በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ ወደ ፊት ወጡ። «ወልደ ማርቆስ ነው፤ በ30 ነው የተወለደው። እናቱ ማርቆስን ትዘክር ነበር፤ ዝክሩን አብረን በልተናል» አሉ። ፍትሐቱ በዚያ ስም ተፈታ። እማሆይ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ የእሳቸውን የክርስትና ስም ግን አስቀድሜ ጽፌው ነበር።

ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ የሕማማቱ ሳምንት ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይፈታም። ስለዚህ የሆሣዕና ዕለት፣ ከቅዳሴው በኋላ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል። ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ለመሄድ ሲቸኩል «ቆዩ፣ የማን እንደሆነ አታውቁም» እላለሁ። በሳምንቱ ውስጥ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ይህን ካላወቀ ካህናቱ የከለከሉት ይመስለዋል፤ በደረሰበት ሐዘን ላይ ቂም ይጨምራል።

ከቀብር በኋላ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ ይታሰባል። ከእነዚህ አርባው ነው አገር የሚጠራበት። ቤተ ክርስቲያን የምትለው ጸሎት ይደረግ፣ ይቀደስ፣ ነዳያን ይብሉ ነው። የእኛ ሰው ግን ለተዝካር ጥማድ በሬ ሸጦ በክረምቱ የሚያርስበት ሲያጣ አይቻለሁ። የነፍስ አባት እዚህ ላይ ሥራው ትልቅ ነው። ለወጉ ሲል መበደር የፈለገውን ባለቤት ቁጭ አድርጎ «ለነፍሱ የሚበጀው ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው፤ ልጆቹን አታስርባቸው» የሚለው ሌላ ሰው የለም፤ ጎረቤት ቢለው «ንፉግ» ይባላል።

መዝገቡ

የክርስትና መዝገባችን ሰፊ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ዓምዶቹን በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ስም፣ የክርስትና ስም፣ አባት፣ እናት፣ ክርስትና አንሺ፣ የተወለደበት ቀን፣ የተጠመቀበት ቀን፣ ያጠመቀው ካህን ፊርማ። በአውሮፓ የደብር መዝገብ የቆየ ነገር ነው፤ እንግሊዝ በ1538 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዝዛ ስለነበር ዛሬ የአያት ቅድመ አያቱን ስም የሚፈልግ ሰው ወደዚያው ይሄዳል። የእኛ መዝገብ ብዙ ጊዜ የካህኑና የአዛውንቱ ጭንቅላት ሆኖ ነው የኖረው፤ ጭንቅላት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

አሜሪካ ያለች የአምበር ልጅ ልታገባ ነው፤ እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ምስክር ወረቀት ጠየቃት። እናቷ ስልኩን ከነመስመሩ ይዘው መጡ። ልጅቷ «መምህር፣ በየት ዓመት እንደሆነ አላውቅም» ትላለች፤ እናቲቱ «የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፣ የሸማኔው ቤት የተቃጠለ ዓመት» ይላሉ። የሸማኔው ቤት የተቃጠለበትን ዓመት ለማወቅ ሌላ ሽማግሌ ተጠራ። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ ባትገኝም የክርስትና እናቷ በሕይወት ስላሉ ከሌላ ምስክር ጋር ቀርበው ፈረሙ፤ ያጠመቋት ቄስም አረጋገጡ፤ ወረቀቱ ወጣ። የክርስትና እናቷ ባይኖሩ ምን እንደምናደርግ አላስብም።

ከቤተ ክርስቲያን ወረቀት ጋር የመንግሥቱም አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው ይሠራል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በተክሊል ያገባም፣ በሰማንያ ያገባም ይህ አይቀርለትም። ለሴት ልጅ ክርስትና 80ኛ ቀኗ ሲደርስ የቀበሌው 90 ቀን ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ስለሆነ «በዚያው መንገድ ቀበሌም ጎራ በሉ» እላቸዋለሁ።

ስንት ያስከፍላል?

ከሁሉም በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የማይጠይቀኝ የለም። ለምስክር ወረቀት ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ሌላው የሰበካ ጉባኤ ዓመታዊ ክፍያ ነው፤ እሱም ደብሩ የሚተዳደርበት እንጂ የአንድ ቀን ዋጋ አይደለም። ለዓመታት ሳይከፍል የቆየ ሰው ውዝፉን በአባቱ ቀብር ቀን ስጠይቀው ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔም አልወደውም። ቀብር አንከለክልም፤ ግን ካህናቱ ራሳቸው እንደ እኔና እንደ እናንተ አርሰው የሚበሉ፣ ከማሳቸው ተጠርተው የሚመጡ ናቸው። ለድንኳንና ለቪዲዮ የሚወጣውን ገንዘብ ያየ ሰው በዓመታዊው ክፍያ ለመከራከር ያፍራል።

ድግስ በሳምንት ይሰናዳል፤ ከጎደለ ጎረቤት ያበድራል። የነፍስ አባትነት ግን ጊዜ ይጠይቃል። ቄሱ ቤታችሁ ገብተው ጸበል ሲረጩ፣ ንስሐችሁን ሲሰሙ፣ ከሚስታችሁ ጋር ስትጣሉ ሲያስታርቁ፣ የልጆቻችሁን ስም ሲለምዱ ነው የሚያውቋችሁ። ያወቃችሁ ቄስ ቀኑን ይነግራችኋል፣ ጾሙን ያስታውሳችኋል፣ አበልጅነቱን ይቆጥርላችኋል፣ ሲከፋችሁም ቆሞ ይመሰክርላችኋል። ከተማ የገባችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ደብር አንድ አባት ያዙ፤ ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው። አምበር ያላችሁ ደግሞ የዘንድሮውን ክፍያ ልትከፍሉ ስትመጡ የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ መዝገቡ ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።